ጥያቄና መልስ፦ ባሌ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ይለኛል

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ትዳር ከያዝን አሥረኛ ዓመታችን ነው። ሁለት ልጆች አሉን። እኔ ሱቅ አለኝ፣ ባለቤቴ ባንክ ይሠራል። አይጠጣም፣ አያመሽም፣ እጁንም አንስቶብኝ አያውቅም። ችግራችን ኩርፊያ ነው። ነገሩ ከትንሽ ይነሳል፤ ለእናቱ ከሚልከው ብር፣ ከልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ። እኔ እናገራለሁ፣ ድምፄም ከፍ ይላል። እሱ ቁልፉን አንስቶ ይወጣል። ከዚያ ሳምንት ሙሉ አያናግረኝም። የሚፈልገውን በልጃችን በኩል ይልካል፦ «ለእናትሽ እራት አልበላም በያት።» ሽማግሌ ገብቶ አስታርቆናል። የንስሐ አባታችንም መክረውናል። ወር ሳይሞላ እዚያው ነን። ጓደኛዬ ሳይኮሎጂስት ጋ ሂዱ አለችኝ። ለእሱ ብነግረው «እኔ እብድ ነኝ እንዴ? ገመናችንን ለባዕድ ላወጣ?» አለኝ። እሱ ካልመጣ እኔ ብቻዬን መሄዴ ምን ይፈይዳል? ከሽማግሌስ በምን ይለያል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ስለ ልጅሽ ልናገር። መልእክት ማመላለሷ ዛሬ ማታ ይቁም። በእናትና በአባቷ መሃል የምትቆም ልጅ የማን ወገን መሆን እንዳለባት ስታሰላ ነው የምትውለው። «ይሄን እኔ ራሴ ከአባትሽ ጋር እነጋገርበታለሁ፣ አንቺ ሂጂ ተጫወቺ» በያት። ለዚህ የባለሙያ ቀጠሮም የባልሽ ፈቃድም አያስፈልግሽም።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ ብቻሽንም ቢሆን ሂጂ ነው የምልሽ።

ሽማግሌ የሚገባው ለዕርቅ ነው። ማን አጠፋ፣ ማን ይካስ፣ በሉ ይቅር ተባባሉ። ብዙ ቤት ያቆመ ባህል ነው፣ አከብረዋለሁ። እናንተን ግን እያመላለሰ የሚያጣላችሁ ብሩ ብቻ አይደለም። ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሲያትል ውስጥ ባለትዳሮች ሲጨቃጨቁ እየቀረጸ ለበርካታ ዓመታት አጥንቷል። በእሱ ጥናት 69 በመቶ የሚሆነው የባልና ሚስት አለመግባባት ጨርሶ የሚፈታ አይደለም። ከባሕርይና ከአስተዳደግ ልዩነት የመጣ ስለሆነ ይመላለሳል። ተዋደው የሚኖሩትም ይሄው አላቸው፤ ግን ሳይቋሰሉ ያወሩበታል። ባልሽ ለእናቱ ብር መላኩን አያቆምም። ማቆም አለበትም ብዬ አላምንም። ስለ ብሩ ሳትጎዳዱ ማውራት ከቻላችሁ ግን ቤታችሁ ሌላ ቤት ይሆናል።

እኔም ሳይኮሎጂስት ነኝና እኔ ክፍል ውስጥ የሚሆነውን ልንገርሽ። የአንድ ሰው ገመና አይደለም፤ ደጋግሜ ያየሁት ነው። አንዳንድ ባልና ሚስት በሁለት ባጃጅ ይመጣሉ። ሶፋው ላይ ቦርሳዋን መሃላቸው ታስቀምጣለች። ሁለቱም እንደ ዳኛ ያዩኛል፣ ክሳቸውን ያሰማሉ። እኔ አልፈርድም። «የመጨረሻውን ጠብ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምራችሁ ንገሩኝ» እላቸዋለሁ። ቀስ እያልን እንሄዳለን። ቁልፉን ያነሳበት ላይ ስንደርስ አስቆማቸዋለሁ። «እስቲ እዚህ ጋ ቆይ። ያኔ ሰውነትህ ምን ይሰማው ነበር?» «ምንም» ይላል። ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ቆየት ብሎ «ደረቴ ይመታ ነበር። አፌ ክፉ እንዳያወጣ ነው የወጣሁት» ይላል። ሚስትየዋ ዞር ብላ ታየዋለች። ይህን ሁሉ ዓመት የምታውቀው ንቋት እንደሚወጣ ነበር።

ጎትማንም ያየው ይህንኑ ነው። ዝም የሚለው ሰው ከውጭ ድንጋይ ቢመስልም ልቡ በደቂቃ ከ100 ጊዜ በላይ ሊመታ ይችላል። እንዲህ ሲሆን መስማትም ማሰብም ይከብዳል። ለመረጋጋት ቢያንስ 20 ደቂቃ ያስፈልጋል። ስለዚህ መውጣቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። «ተናድጃለሁ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ መጥቼ እንጨርሰዋለን» ብሎ ቢወጣና ቢመለስ ኩርፊያ አይባልም። ሳምንት ሙሉ መዝጋት ግን ያቆስላል፤ ይሄ አጉል ዓመል ነው፣ አላቃልለውም።

ይህ ሁሉ እሱ ሲመጣ ነው ትይኝ ይሆናል። የአንቺም ድርሻ አለ። አሮን ቤክ የሚባል የፊላዴልፊያ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለ። ታካሚዎቹ አእምሮ ውስጥ ብልጭ የሚል ሐሳብ አለ። በጣም ከመፍጠኑ የተነሳ ሰውየው ሐሳብ መሆኑን ረስቶ እንደ እውነት ይወስደዋል። ያንቺን ልገምት። ቁልፉ ሲንኳኳ «አይፈልገኝም» የሚል ይመጣል። ድምፅሽን ከፍ የሚያደርገው ያ ሐሳብ ነው። ብቻሽን ስትሄጂ ከባለሙያዋ ጋር ይህን ሐሳብ አውጥታችሁ ታዩታላችሁ። ማስረጃው ምንድን ነው? ልጅ ሆነሽ ቤታችሁ ውስጥ ዝምታ ምን ያመለክት ነበር? ካልጮሁ የማይሰሙበት ቤት ነው ያደግሽው? ይህን የምታውቂው ለባልሽ ስትዪ ብቻ አይደለም። ከደንበኛም፣ ከእህቶችሽም፣ ነገ ከልጅሽም ጋር ይዘሽው ነው የምትኖሪው።

ደግሞ ጠባችሁ አሳዳጅና ሯጭ አለበት። አንቺ ባሳደድሽ ቁጥር እሱ ይሮጣል፤ እሱ በሮጠ ቁጥር አንቺ ታሳድጃለሽ። አንዱ እርምጃውን ሲቀይር ሌላው እንደ ድሮው መቀጠል ይከብደዋል። ባልሽ ይለወጣል ብዬ ቃል አልገባልሽም። አንቺ ግን በየወሩ እዚያው ቦታ አትገኚም።

«እብድ ነኝ እንዴ» ለሚለው፣ ሳይካትሪስት መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ነው። ሳይኮሎጂስት የሚሠራው በንግግር ነው። ሐዘን የከበደው፣ ሥራ የለቀቀ፣ ሊጋባ ቀን የቆረጠም ይመጣል። ስለ ገመናው ግን ስጋቱ ይገባኛል። ሀዋሳ ሰው ሰውን የሚያውቅባት ከተማ ናት። ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ የሰው ሕይወት ወይም ልጅ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር አይወጣም። ዘመድ ወይም ወዳጅ የሆነ ባለሙያ ጋ አትሂዱ፤ እሱም ሊቀበላችሁ አይገባም።

በጠብ መሃል «ሳይኮሎጂስት ጋ ካልሄድክ» አትበዪው፤ ስድብ ይሆንበታል። ሰላም በሆናችሁበት ቀን ፍቅር ሐይቅ ዳር ውጡ። ብዙ ወንዶች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያልወጣቸው ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይወጣቸዋል። እንዲህ በዪው፦ «አንተ ታመሃል አላልኩም። እኔ ልሄድ ነው። ስናደድ እንዴት እንደምናገር መማር እፈልጋለሁ። አንድ ቀን አብረኸኝ ብትመጣ ደስ ይለኛል።»

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች እህቶች አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ውስጥ ዱላ ወይም ዛቻ ካለ ባልና ሚስት አብረው እንዲቀመጡ አልመክርም። ክፍሉ ውስጥ የተናገረችውን ቤት ስትገባ ልትከፍልበት ትችላለች። መጀመሪያ ብቻዋን ትምጣ፣ ደህንነቷ ይቅደም።

የት እንደምትጀምሪ ካላወቅሽ የሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ሄደሽ የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ባለሙያ እንዲጠቁሙሽ ጠይቂ። ባለሙያውን ስታገኚ ምን እንደተማረ፣ ከባለትዳሮች ጋር ሠርቶ እንደሚያውቅ፣ አንዱ ለብቻው የነገረውን ለሌላው ይናገር እንደሆነ አጣሪ። ቀጠሮው ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ገና ሳይሰማሽ «ፍቺው» ወይም «ቻዪው» የሚልሽ ከሆነ ሌላ ፈልጊ። ክፍያውንም አስቀድመሽ ጠይቂና ለባልሽ ንገሪው። ከሱቅሽ ገቢ የምታወጪው ቢሆንም ይወቀው፤ በብር የሚነሳ ጠብ ባለበት ቤት ተደብቆ የወጣ ብር ሌላ ኩርፊያ ያመጣል።