ቅጠልና አንቲባዮቲክ ለምታጣምሩ ወጣት ተመራማሪዎች

ጦስኝ፣ ጥቁር አዝሙድ ወይም ዳማከሴ ይዛችሁ ወደ ላብራቶሪ የምትገቡ ልጆቼ፣ ሥራችሁን ከልቤ እወደዋለሁ። የጨጓራ ባክቴሪያ የምንለው ኤች ፓይሎሪ ቀላል ጠላት አይደለም። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ1982 አውስትራሊያ፣ ፐርዝ ውስጥ ከሰው ጨጓራ አውጥተው አሳደጉት። በ1994 ካንሰር አምጪ ተብሎ ተመደበ። በ2017 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ክላሪትሮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የተላመደውን ኤች ፓይሎሪ አዲስ መድኃኒት ከሚያስፈልጋቸው ባክቴሪያዎች ተርታ አስገባው። አዲሱ እስኪመጣ ነባሩን መድኃኒት በተክል ማገዝ ይቻላል ወይ ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ መልሱን የምትፈልጉበት መንገድ ነው።

ባክቴሪያው ላይ በሚቀመጠው መድኃኒት የተነከረ ክብ ወረቀት (ዲስክ) ዙሪያ ያለው፣ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ሰፋ ሲል «ተጋገዙ» ብላችሁ አትጻፉ። 96 ጉድጓድ ያለውን ፕሌት አውጡ። በአንድ አቅጣጫ አንቲባዮቲኩን በግማሽ በግማሽ እያቀጠናችሁ ሙሉ፤ በሌላው አቅጣጫ ከተክሉ የወጣውን ጭማቂ (ኤክስትራክቱን) እንዲሁ። ለምሳሌ መድኃኒቱ ብቻውን በ8 ማይክሮግራም በሚሊሊትር የገታውን ባክቴሪያ ከተክሉ ጋር በ2 ከገታው ሩብ ሆነ ማለት ነው። ተክሉም ከ512 ወደ 128 ከወረደ እሱም ሩብ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 0.5 ይሆናሉ። ድምሩ 0.5ና ከዚያ በታች ከሆነ መተጋገዝ ነው፤ ከ4 በላይ ከሆነ አንዱ ሌላውን እየተቃወመ ነው። በመሃል ያለውን መተጋገዝ ብሎ መጥራት አይገባም፤ ብዙ ጽሑፎች ግን ይጠሩታል፣ ይህም ያሳዝነኛል። ኤክስትራክቱን ያሟሟችሁበት ኤታኖል ብቻውን የተሞላበት ረድፍም አይቅር፤ ባክቴሪያውን የገደለው አልኮሉ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ «እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለዚህ ጥያቄ ነው። የበርበሪስ ቁጥቋጦዎች በርበሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ግን በሽፋኑ ላይ ባለው ፓምፕ በርበሪኑን መልሶ ይተፋዋል። ያው ተክል ፓምፑን የሚዘጋ ሌላ ንጥረ ነገርም እንደሚሠራ በ2000 ታወቀ። እንዲህ ያለ ግኝት ያስደስታል፤ የትኛው ሞለኪውል ምን እንደሚሠራ ይታወቃልና። ወደ ኤች ፓይሎሪ ስንመጣ ክላሪትሮማይሲንን የሚላመደው በአብዛኛው መድኃኒቱ የሚይዝበት የራይቦዞም (የባክቴሪያው ፕሮቲን መሥሪያ) ቦታ በሚውቴሽን፣ ማለትም በዘረመል ለውጥ፣ ስለሚቀየር ነው። እዚህ ላይ ፓምፕ መዝጋት ብቻውን የተለወጠውን ቦታ አይመልሰውም። ስለዚህ የምትሠሩበት ባክቴሪያ መድኃኒቱን የተላመደው በምን መንገድ እንደሆነ ሳታውቁ ተክል አትምረጡ።

ፕሌትና ጨጓራም አንድ አይደሉም። ባክቴሪያው የሚኖረው በንፍጡ ሽፋን ውስጥ ነው። አሲዱ አሞክሲሲሊንንና ክላሪትሮማይሲንን ስለሚያዳክም ነው አሲድ የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል አብሮ የሚታዘዘው። ስለዚህ ሙከራውን አሲዳማ በሆነ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ድገሙት፤ ኤክስትራክቱ የጨጓራ ሴሎችን የሚጎዳበትን መጠንም ለኩ። 128 ማይክሮግራም በሚሊሊትር በፕሌት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በአፍ በተወሰደ ቅጠል እዚያ መድረስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ፋርማሲ የምትሠሩት ደግሞ ታካሚውን «ምን አፍልተህ ትጠጣለህ?» ብላችሁ ሳትቆጡ ጠይቁት። ከተቆጣችሁ ይደብቃችኋል። ክላሪትሮማይሲን ብዙ መድኃኒቶችን የሚያፈርሰውን የጉበት ኢንዛይም ያግዳል፤ በአውሮፓ ለድባቴ የሚወሰደው የእኛ አሜጃ ዘመድ ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ያነቃቃል። ቅጠል ስለሆነ አይነካካም የሚባለው እውነት አይደለም። ሆዱ ቀለል ሲለው ክኒኑን በአምስተኛው ቀን ትቶ በተልባ ብቻ የሚቀጥለውንም ሰው አትለፉት፤ የቀረውን ቀን መጨረስ ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጭ ብላችሁ አስረዱት። በሙከራ ላይ ያለውን ኤክስትራክታችሁን ግን ለጎረቤትም ቢሆን አትስጡ።

ቅጠሉን ስትለቅሙ የደረቀ ናሙናውን ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) አስቀምጡ፤ ቦታውንና ወሩንም ጻፉ፤ በዝናብና በበጋ የተለቀመ ጦስኝ ዘይቱ አንድ ላይሆን ይችላል። ተክሉን ያሳዩአችሁን አዋቂ ስማቸው እንዲጠቀስ ይፈቅዱ እንደሆነ ጠይቁ፤ ውጤቱንም ተመልሳችሁ ንገሯቸው። ከ4 በላይ የወጣባችሁንም ውጤት መሳቢያ ውስጥ አታስቀሩት፤ አሳትሙት፤ ያንኑ ቅጠል ከክኒኑ ጋር የሚጠጣ ሰው ዛሬም አለ።