«ከድኩላ ይልቅ» ወይስ «ከድኩላ የበለጠ»?

ከሰበታ፣ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ አንድ አባት ጽፈውልናል። ልጃቸው «ጃርት ከአጋዘን ይልቅ ድንች ይወዳል» ብሎ ጽፎ፣ «የበለጠ ይወዳል» ተብሎ ታረመበት። የቱ ነው ልክ?

አስቀድሞ ስሙ ይስተካከል። በወጨጫ ተዳፋት ላይ ባለው በሱባ ደን የሚታየው፣ ልጁ «አጋዘን» ያለው፣ የምኒልክ ድኩላ ነው፤ ወንዱ ወደ ጥቁረት ያደላል። የደጋ አጋዘን የባሌና የአርሲ ነው። ቀንዱን በየዓመቱ የሚጥለውን የባሕር ማዶ አውሬ «አጋዘን» እያሉ መተርጎም ተለምዷል፤ የእኛዎቹ አጋዘንና ድኩላ ግን ቀንዳቸው ዕድሜ ልክ ነው። ልምዱ መስፋቱን አልክድም፤ ቢሆንም አልጽፈውም።

«ይልቅ» ከ«ላቀ» ይወጣል፤ «ላቀ» ከግእዙ «ልህቀ»፣ አደገ፣ ሸመገለ። «ሊቅ»ም ከዚሁ ሥር ነው፤ በዕውቀት ሳይሆን መጀመሪያ በዕድሜ የገፋ ሽማግሌ ማለት ነበር። «ይልቅ» ለምርጫ ብቻ ነው፣ «ከመተኛት ይልቅ መሥራት» እንደሚባለው፣ ለመጠን አያገለግልም የሚሉ አሉ። አልቀበለውም። ዘፍጥረት 3፥1 እባብን «ከምድር አውሬ ሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ» ይለዋል፤ ይህ ምርጫ ሳይሆን መጠን ነው።

«የበለጠ» ግን ቅጽል ነው፤ «የበለጠ ጉዳት» እንደሚባለው ስም ይፈልጋል። ከግስ በፊት የሚገባው «ይበልጥ» ነው። ዛሬ ሬዲዮውም ጋዜጣውም «የበለጠ ይጎዳል» ይላል፤ ስሕተት ነው ለማለት ጊዜው አልፏል፤ ለጆሮዬ ግን ይጎረብጣል።

የ«ይልቅ» እውነተኛ ችግር ሌላ ነው። «ድኩላ ከጃርት ይልቅ ሰው ይፈራል» ሲባል ድኩላ ሰውን የሚፈራው ጃርትን ከሚፈራው በላይ ነው? ወይስ ጃርት ሰውን ከሚፈራው በላይ? ሁለቱንም ይሸከማል። መድኃኒቱ መለኪያውን በ«በ» ማስቀደም ነው፦ «ሰው በመፍራት ድኩላ ከጃርት ይበልጣል»። እንዲሁም «በቁመትም በክብደትም ድኩላ ጃርትን ይበልጣል»፤ «በለጠ» ተሳቢ ስለሚወስድ «ከ» እንኳ አያስፈልግም።

ለልጅዎ ዓረፍተ ነገር ግን ማበላለጡም ባይኖር እመርጣለሁ። ጃርት ሌሊት ወጥቶ ሥራሥርና ድንች ይቆፍራል፤ ድኩላ ቅጠልና ቀንበጥ ይቀነጥባል። ልዩነቱ የመጠን ሳይሆን የዓይነት ስለሆነ «ጃርት ድንቹን ሲቆፍር ድኩላ ቅጠሉን ይቀነጥባል» ብሎ ቢጽፍ አራሚውም የሚነካው ነገር አያገኝም።