በኬቪኤም የሚያስተዳድሩት የቤት ላብራቶሪ ለዳታ ሴንተር ሥራ ምን ያህል ይጠቅማል?

ውድ ጠያቂያችን፦

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል። ሌሊት በመኪና ማቆሚያ ሕንፃ እየሠሩ፣ ቀን ለኔትወርክና ለሊኑክስ ፈተና እየተዘጋጁ፣ በተከራዩት ቤት ምድር ቤት ከቢሮ የወጡ ሦስት ያገለገሉ ኮምፒዩተሮችን አሰባስበው ላብራቶሪ እንዳቋቋሙ ገልጸውልናል። ሦስቱን ኮምፒዩተሮች በአንድ ኪቦርድ፣ ስክሪንና ማውዝ ብዙ ኮምፒዩተር ለማዘዝ የሚያስችል ባለ አራት ፖርት የኬቪኤም ማቀያየሪያ ላይ ሰክተው፣ ከማቀያየሪያው ጋር ደግሞ ራስፕቤሪ ፓይ በተባለ ትንሽ ኮምፒዩተር የሚሠራውንና ይህንኑ በኔትወርክ ከርቀት የሚያስችለውን ፓይኬቪኤም አገናኝተው፣ በእረፍት ሰዓትዎ ከስልክዎ ሆነው ያስተዳድሯቸዋል። ጥያቄዎ ሁለት ነው። አንደኛው ይህ ድካም በአሽበርን አካባቢ ካሉት ዳታ ሴንተሮች (ሰርቨሮች የሚቀመጡባቸው ሕንፃዎች) በአንዱ ለመቀጠር ይረዳኛል ወይስ ጊዜዬን በሙሉ ለፈተናው ላውለው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚረዳ ከሆነ በሬዙሜዬ ላይ እንዴት ልጻፈው የሚል ነው።

ይረዳዎታል፤ ነገር ግን የሚረዳዎት በደብዳቤዎ ባሰፈሩት ምክንያት አይደለም። እርስዎ አብዛኛውን ገጽ የሰጡት ለምስሉ ጥራትና ለመሣሪያው ፍጥነት ነው። ቀጣሪ ግን የሚፈልገው ኮምፒዩተር ሲበላሽ ጉዳቱ የደረሰው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ነው። ከርቀት መግቢያ በሆኑት ፕሮግራሞች፣ በኤስኤስኤች ወይም በሪሞት ዴስክቶፕ፣ የምንገባው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተነሥቶ ኔትወርኩም ሲሠራ ብቻ ነው። የኔትወርክ ኬቪኤም ግን ምስሉን በቀጥታ ከኤችዲኤምአይ ገመዱ ስለሚወስድ፣ በዩኤስቢ በኩልም ራሱን እንደ ኪቦርድና ማውዝ ስለሚያቀርብ፣ ኮምፒዩተሩ ፊት ለፊቱ ሰው የተቀመጠ ያህል ይታዘዛል። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከኦፐሬቲንግ ሲስተሙ በፊት የሚነሣውን የባዮስ ማስተካከያ፣ የማስነሻ ምርጫውንና ሊኑክስ ሲወድቅ የሚጽፈውን የመጨረሻ መስመር ማየት ይችላሉ። በትልልቅ ሰርቨሮች ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው በማዘርቦርዱ ላይ የሚገኘው ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ዴል አይድራክ ይለዋል፣ ኤችፒኢ ደግሞ አይሎ ይለዋል። ከእነዚህ አንዱን ነክተው የማያውቁ ቢሆኑም ሐሳቡን በእጅዎ ሠርተው አይተውታል፤ ባለሙያዎቹም አውት ኦፍ ባንድ የሚሉት ከዋናው መስመር ውጭ የሆነ መግቢያ ይኸው ነው።

ይህ መግቢያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 ዓለም ሁሉ አይቷል። የኮምፒዩተር ደኅንነት ኩባንያው ክራውድስትራይክ ያሠራጨው የተሳሳተ ፋይል 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ሲያቆማቸው፣ ብዙዎቹ ኦፐሬቲንግ ሲስተማቸው ስለማይነሣ በተለመደው የርቀት ፕሮግራም ሊደረስባቸው አልቻለም። መፍትሔው አንድ ፋይል መሰረዝ ብቻ ቢሆንም ለዚያች ፋይል ሲባል ቴክኒሻኖች ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር በእግራቸው ዞረዋል፤ ከዋናው መስመር ውጭ መግቢያ ያላቸው ሰርቨሮች ግን ማንም ካሉበት ሳይሄድ ሊጠገኑ ይችሉ ነበር። ከዚያ ቀደም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለስድስት ሰዓት ያህል ሲቋረጥ የታየው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ዋናው ኔትወርክ ብቻ ሳይሆን ለአደጋ ጊዜ የተዘጋጀው መግቢያም አብሮ በመጥፋቱ መሐንዲሶች ወደ ዳታ ሴንተሮቹ በአካል መሄድ ነበረባቸው። በቃለ መጠይቅ ላይ እነዚህን ሁለት ቀኖች ከራስዎ ምድር ቤት ልምድ ጋር አያይዘው ማስረዳት ከቻሉ፣ ጠያቂዎ ከፊቱ ያለው ሰው የገባው መሆኑን ይረዳል።

ይህን የምጽፈው ከራሴም ተነሥቼ ነው። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት በሰርቨር አስተዳዳሪነት በሠራሁበት አንድ ድርጅት፣ ሌሊት ከቤቴ ሆኜ ወደ ማሽኑ ማን እንደሚገባ የሚወስነውን የፋየርዎል ደንብ ስቀይር ራሴን ወደ ውጭ ቆለፍኩ። ማሽኑ በደንብ እየሠራ ነበር፤ እኔ ግን መግባት አልቻልኩም። ኬቪኤም ስላልነበረን በውርጭ ለአንድ ሰዓት ነድቼ ሄጄ አንዲት መስመር አስተካክዬ ተመለስኩ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ማንኛውንም ለውጥ ከማድረጌ በፊት ብሳሳት የምመለስበትን መንገድ አስቀድሜ እጽፋለሁ። እርስዎም ይህን ልማድ ከአሁኑ ቢይዙ ደስ ይለኛል።

አሁን ስለሚያመለክቱበት ሥራ ልንገርዎ። በአሽበርንና በዙሪያው፣ በላውደን አውራጃ ያለው አካባቢ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር በብዛት የተሰበሰበበት ነው። ቦታ ለደንበኛ በሚያከራዩት ሕንፃዎች ውስጥ ጀማሪ ቴክኒሻን ከሚሠራቸው ዋና ሥራዎች አንዱ ሪሞት ሃንድስ ይባላል። ደንበኛው በሌላ ከተማ ወይም በሌላ አገር ተቀምጦ ሰርቨሩን ከርቀት ማስነሣት ሲያቅተው ጥያቄ ይልካል፤ ቴክኒሻኑም ስክሪንና ኪቦርድ የተጫነበትን ክራሽ ካርት የሚባለውን ጋሪ እየገፋ ትክክለኛውን ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) እና ትክክለኛውን ማሽን አግኝቶ ያየውን በጽሑፍ ይመልሳል። እርስዎ በቤትዎ በሁለቱም ወገን ቆመው ያውቃሉ፤ ከስልክ ላይ ሆነው ማሽኑ አልነሣ ያለዎት ደንበኛ እርስዎ ነዎት፣ ምድር ቤት ወርደው ገመድ የሚነቅሉትም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ዛሬውኑ በእያንዳንዱ ገመድ በሁለቱም ጫፍ ላይ ስም ይለጥፉ። የተሳሳተ ገመድ መንቀል በዚያ ሥራ ላይ የሌላ ሰው ንግድ ማቋረጥ ነውና፣ ልምዱ ከቤት ይጀምር። ከተቻለዎትም የኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የላውደን ካምፓስ የሚሰጠውን የዳታ ሴንተር ሥራ ትምህርት ይጠይቁ፤ ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ማቀዝቀዣ የሚማሩት ነገር ከቤት ላብራቶሪ አይገኝም።

ወደ ሬዙሜው ስንመጣ፣ በላኩልን ረቂቅ ላይ “ፓይኬቪኤም፣ ማቀያየሪያና ሦስት ኮምፒዩተሮች ያሉት የቤት ላብራቶሪ አለኝ” የሚል መስመር አለ። ይህ የዕቃ ዝርዝር ነው፤ ዕቃ ደግሞ ማንም ሊገዛ ይችላል። በምትኩ ያደረጉትን ይጻፉ፦ “በሦስት ኮምፒዩተሮች ላይ በአካል ሳልገኝ በኔትወርክ ኬቪኤም በኩል ሊኑክስ ጫንኩ፣ የባዮስ ማስተካከያ ለወጥኩ፣ መነሣት ያቆመን ማሽን መልሼ አስነሣሁ፤ እያንዳንዱን ብልሽትና ጥገና በጽሑፍ መዘገብኩ።” የመጨረሻው ሐረግ እውነት እንዲሆን ደብተር ያስፈልግዎታል። ቀኑን፣ ያዩትን ምልክት፣ መጀመሪያ የገመቱትን፣ ግምትዎ ትክክል መሆን አለመሆኑንና መጨረሻ ላይ የሠራውን ይጻፉ። የተሳሳቱትን ግምቶች አይሰርዟቸው፤ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግ ጥሩ መሐንዲስ ከሁሉ ይልቅ የሚጠይቅዎት ስለ እነሱ ነው።

ፈተናውንና ላብራቶሪውን የሚፎካከሩ አድርገው ማየትዎንም ቢተዉ ይሻላል። የሊኑክስ ኩባንያው የሬድ ሃት የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ወረቀት ላይ የሚሞላ አይደለም፤ በሚሠራ ማሽን ላይ በተግባር የሚሠራ ነው። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱም የማስነሣት ሂደቱን አቋርጦ የይለፍ ቃሉ ወደጠፋበት ማሽን መግባት ነው። ይህን በኤስኤስኤች ሊለማመዱት አይችሉም፤ በእርስዎ ኬቪኤም ግን ከመኪና ማቆሚያው ወንበር ላይ ሆነው አሥር ጊዜ ሊደግሙት ይችላሉ።

በአሠራርዎ ላይ ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው ጉድለቶች አሉ። ከስልክዎ ለመግባት እንዲመችዎ በራውተሩ ላይ ለኬቪኤሙ በር እንደከፈቱ ጽፈዋል። ይህን በር ዛሬ ማታ ይዝጉት። ኬቪኤሙን የያዘ ሰው ኮምፒዩተሩ ፊት የተቀመጠ ያህል ሥልጣን አለው፤ የፓይኬቪኤም የመጀመሪያ የይለፍ ቃል ደግሞ በመመሪያው ላይ የታተመ፣ ማንም የሚያውቀው ቃል ነው። የይለፍ ቃሎቹን ሁሉ ይቀይሩ፣ ከውጭም የተመሰጠረ የግል መስመር (ቪፒኤን) በሚሰጡት በዋየርጋርድ ወይም በቴይልስኬል ብቻ ይግቡ። ከዚህ ሌላ፣ የማብሪያ ማጥፊያው ሽቦ የተገናኘው ከአንዱ ኮምፒዩተር ጋር ብቻ ስለሆነ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ሙሉ በሙሉ ደርቀው ሲቆሙ ስክሪናቸውን ከማየት በቀር የሚያደርጉት ነገር አይኖርም። ቢያንስ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ራሳቸው እንዲነሡ በባዮስ ያስተካክሏቸው። ማቀያየሪያው ወደ ሌላ ፖርት ሲዞር አንዳንድ ኮምፒዩተር ስክሪን የተነቀለበት መስሎት ምስል መስጠት ያቆማል፤ እርስዎ “አልፎ አልፎ ጥቁር ይሆናል” ያሉት ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ ማሽኑ ተበላሸ ከማለትዎ በፊት እሱን ይመርምሩ። በመጨረሻም ኬቪኤሙና ኮምፒዩተሮቹ ሁሉም በአንድ ራውተር በኩል ያልፋሉ፤ ራውተሩ ሲወድቅ በ2021 ፌስቡክ የደረሰበት ቦታ ላይ ይገኛሉ። ለቤት ላብራቶሪ ሁለተኛ መስመር ያስገቡ አልልም፤ ድክመቱን ዐውቀው መናገር መቻልዎ ግን ያስመሰግንዎታል።

አንድ ከባድ ጉዳይ ይቀራል። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ አንድ የማያውቁት ሰው በኢንተርኔት አግኝቶዎት፣ ላፕቶፖች ቤትዎ አስቀምጠው ከኬቪኤምዎ ጋር ቢያገናኙለት በየወሩ እንደሚከፍልዎት ነግሮኛል ብለዋል። እባክዎ እንዳይቀበሉ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በአሪዞና የምትኖር አንዲት ሴት የአሜሪካ ኩባንያዎችን ላፕቶፖች በቤቷ አስቀምጣ የሰሜን ኮሪያ የኮምፒዩተር ሠራተኞች በአሜሪካ ያሉ መስለው ከርቀት እንዲሠሩ በማመቻቸቷ 102 ወር እስራት ተፈርዶባታል፤ በሌሎች ተመሳሳይ ምርመራዎችም የኔትወርክ ኬቪኤም መሣሪያዎች ጥቅም ላይ ውለው ተገኝተዋል። የሰውየውን መልእክት ሳያጠፉ ያስቀምጡት፣ መልስ አይስጡት፣ ለኤፍቢአይ የኢንተርኔት ወንጀል አቤቱታ መቀበያም ያሳውቁ። ሥራ ካገኙ በኋላም ያለ ጽሑፍ ፈቃድ የቀጣሪዎን ኮምፒዩተር ከግል ኬቪኤምዎ ጋር በፍጹም አያገናኙ።

አራተኛ ኮምፒዩተር ልግዛ ወይ ላሉት፣ ለአሁኑ አይግዙ። ገንዘቡን ለፈተናው መመዝገቢያ ያቆዩት፤ ባዶ የቀረውን አራተኛ ፖርት ደግሞ ጓደኛዎ የተበላሸ ኮምፒዩተር ሲያመጣልዎት ይጠቀሙበት። በደብተርዎ ላይ አምስት ሙሉ የብልሽት መዝገቦች ሲኖሩ የተስተካከለውን ሬዙሜ ይላኩልን፤ ከዚያ በኋላ ለቃለ መጠይቁ አብረን እንዘጋጃለን።