የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ዘፈኑ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ግጥምና ዜማዬን ራሴ እየሠራሁ የምዘፍን ነኝ፤ አሳታሚ የለኝም። አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ በፕሮግራም አዘጋጅነት ሊቀጥረኝ ነው፤ ለተከታታይ ድራማውም ማጀቢያ ሙዚቃ እንድሠራ ጠይቆኛል። ዘፈኖቼ የጣቢያው ይሆናሉ? (ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ከመቀጠርዎ በፊት የሠሯቸው የእርስዎ ናቸው፤ ቅጥሩ አይነካቸውም። የሚያሰጋው ማጀቢያው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ተቀጣሪ በሥራው ላይ ሆኖ የሠራው ወይም በትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር የአሠሪው ወይም የአዛዡ ይሆናል። የቅጥር ውሉን ብቻ ፈርመው ማጀቢያውን ከሠሩት፣ ነገ በራስዎ አልበም ላይ ለማውጣት ጣቢያውን ማስፈቀድ ሊኖርብዎ ነው።

ስለዚህ ሁለት ውል ይኑርዎ። የቅጥር ውሉ ስለ አዘጋጅነቱ ብቻ ይናገር፤ ሙዚቃ አይግባበት። ለማጀቢያው ለብቻው የፈቃድ ውል ይጻፉ፦ የድራማው ርዕስ፣ የክፍሎቹ ብዛት፣ ፈቃዱ የሚቆይበት ዘመን፣ ለስርጭት ብቻ ይሁን ወይስ ለዩቲዩብም፣ ክፍያው ስንትና መቼ፣ ስምዎ መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ። ከሁሉ በላይ ግን ባለቤትነቱ የእርስዎ ሆኖ እንደሚቀጥል በግልጽ ይስፈር፤ ይህ ካልተጻፈ የቀረው ብዙም አያድንዎትም።

ብዙ ዘፋኞች የሚዘነጉት ቅንብሩን ነው። አቀናባሪውና ክራር የመታው ባለሙያ ካልፈረሙልዎ፣ በእጅዎ የሌለ መብት ለጣቢያው እየሰጡ ነው። ፊርማውን በቀረጻው ዕለት፣ ከስቱዲዮ ሳይወጡ ይቀበሉ፤ ዘፈኑ ከታወቀ በኋላ ፊርማ ይወደዳል። መብትዎ ያለ ምዝገባም የጸና ነው፤ ቢሆንም ዜማውን መጀመሪያ ያንጎራጎሩበትን የስልክ ቅጂና የስቱዲዮውን ፕሮጀክት ፋይል ከነቀናቸው ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል በስልክ የቀረጽነው ክሊፕ ሲጀምር ከንፈሬና ድምፁ ይገጥማሉ፤ እየቆየ ግን ይራራቃሉ። ጣቢያውም መለሰብን። ምን ይሻላል? (ከሐዋሳ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ ልዩነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እኩል ቢሆን ኖሮ ድምፁን ገፋ ማድረግ ይበቃ ነበር። እየሰፋ የሚሄድ ልዩነት ግን የፍጥነት ችግር ነው። አብዛኛው ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸውን የፍሬም (የነጠላ ምስል) ብዛት እንደ ብርሃኑ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ኤዲቲንግ ሶፍትዌሩ ደግሞ ቋሚ ቁጥር ይጠብቃል። ቅጂዎቹን ከኤዲቲንግ በፊት ሀንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ይለውጧቸው።

ድምፁንም ይመርምሩ። ሙዚቃ ብዙ ጊዜ በ44.1 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ናሙና በሰከንድ የሚወሰድበት መጠን ነው) ይቀመጣል፤ ቪዲዮ የሚሠራው በ48 ነው። ፋይሉ በትክክል ሳይለወጥ በ48 ከተነበበ ድምፅዎ ይቀጥናል፤ የ3 ደቂቃው ዘፈንም 15 ሰከንድ ያህል ቀድሞ ያልቃል። ከስቱዲዮው በ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ዌቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል) እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ኤምፒ3 አይቀበሉ።

በሚቀጥለው ቀረጻ የስልኩን ማይክ አያጥፉ፤ ፕሌይባኩን (ከንፈር የምትገጥሙለትን የተቀዳ ዘፈን) ይስማ። በእያንዳንዱ ቅጂ መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ካሜራው ፊት አንዴ አጨብጭቡ። የመጀመሪያው ጭብጨባ ገጥሞ የመጨረሻው ካልገጠመ፣ ችግሩ እዚያው ሐይቁ ዳር ሳላችሁ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ ጣቢያው የዘፈንኩበትን ፕሮግራም ዩቲዩብ ላይ ሲጭን የቅጂ መብት ጥያቄ መጣበት፤ እኔን ወቀሱኝ። (ከሐዋሳ፣ መናኸሪያ)

መልስ፦ ጥያቄውን ያነሳው ዘፈንዎን የሚያሰራጭልዎ ድርጅት ሳይሆን አይቀርም፤ ኮንቴንት አይዲ የተባለው የዩቲዩብ መለያ ሥርዓት ዘፈኑን ያገኘበትን ቪዲዮ ሁሉ ራሱ ይይዛል። የጣቢያውን ቻናል አድራሻ ለአሰራጩ ልከው እንዲለቀቅ ያድርጉ፤ ወደፊትም ከስርጭቱ በፊት ቻናሉን በአሰራጩ ዘንድ አስቀድመው ያስመዝግቡት። ዘፈኑ ለሌሎችም ከተሸጠ ቢት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ቅንብር) ላይ የተሠራ ከሆነ ግን ኮንቴንት አይዲ ውስጥ መግባት አይገባውም፤ ያንኑ ቢት የገዙ ሌሎች ዘፋኞችንም ይይዝብዎታልና ዛሬውኑ ያስወጡት።