ስለ ‹ሻል› ለጠየቀችኝ ወጣት ተርጓሚና ለእኩዮቿ

ውድ ወጣቶች፣

ከእናንተ አንዷ «የእንግሊዝኛዎቹ ‹ሻል›ም (shall) ‹ማስት›ም (must) ‹ሹድ›ም (should) በአማርኛ ‹አለበት› አይደሉም ወይ?» ብላ ብትጠይቀኝ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ። በአንድ መሥሪያ ቤት የትርጉም ክፍል ሳለሁ አንድ የሽያጭ ውል ከእንግሊዝኛ ይመለስ ነበር። ውሉ አቅራቢው ዕቃውን በቀኑ እንዲያስረክብ በ‹ሻል› ያስገድዳል፤ ገዢው መጋዘኑን አስቀድሞ እንዲያሳይ የሚጠይቀው ግን በ‹ሹድ› ነው፤ ቢያሳይ መልካም፣ ባያሳይም ውል አላፈረሰም። በዕድሜ ከሁላችን የሚያንሰው ተርጓሚ የመጀመሪያውን «ያስረክባል»፣ ሁለተኛውን «ቢያሳይ ይመረጣል» ብሎ ጻፈ። አለቃችን ግን «ያስረክባል» ግዴታ አይመስልም፣ «ይመረጣል»ም ለውል አይመጥንም ብለው ሁለቱንም በ«አለበት» ተኩ። ልጁ ሕጎቻችን ራሳቸው «ያቀርባል»፣ «ይከፍላል» እያሉ እንደሚያስገድዱ ጠቅሶ ቢከራከርም ሰሚ አላገኘም፤ ወረቀቱ እኔ ዘንድ የደረሰውም ከተፈረመ በኋላ ነበር። ዕቃው ሲዘገይ አቅራቢው «መጋዘኑን የማሳየት ግዴታችሁን አልተወጣችሁም» ብሎ የተሟገተው በዚያችው «አለበት» ነው። ልጁ ከዚያ ወዲህ በስብሰባ ላይ አፉን አልከፈተም፤ ከውሉ ይልቅ የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

በዚህ ቃል መንግሥታትም ተፋጥጠዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ሊጸድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በአንቀጽ 4 ንኡስ አንቀጽ 4 ስለ ያደጉ አገሮች የተጻፈው ‹ሻል› በአሜሪካ ተቃውሞ ‹ሹድ› ተብሎ ታርሟል፤ አስገዳጅ ሆኖ ቢቀር ጉዳዩ ወደ አገሪቱ ሴኔት ሊሄድ ይችል ነበርና። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በሰነዶቹ ‹ሻል›ን ለግዴታ፣ ‹ሹድ›ን ለምክር፣ ‹ሜይ›ን (may) ለፈቃድ ለይቶ ይጠቀማል።

ይሁን እንጂ ‹ሻል› ራሱ እምነት የሚጣልበት ቃል አይደለም። «ሻል ዊ» («እናድርግ?») ሲባል ግዴታ ሳይሆን ግብዣ ነው፤ በአሮጌ ጽሑፍ ደግሞ ከ«እኔ» እና ከ«እኛ» ጋር የወደፊት ጊዜን ብቻ ያመለክታል። የአሜሪካ ፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንቦች እ.ኤ.አ. በ2007 ሲታደሱ በአሻሚነቱ ተወግዶ በብዙ ቦታ በ‹ማስት› የተተካውም ስለዚህ ነው። የዛሬ ወጣቶች ማሽኑ የሰጣችሁን የመጀመሪያ ትርጉም ስትቀበሉ ሳይ እገረማለሁ፤ ማሽኑ ማን ማንን እንደሚያስገድድ አይጠይቅም።

አለቃችንን ከወቀስኩ በኋላ ይህን ማለቴ ያስተዛዝበን ይሆናል፤ አንባቢው የሕግ ሰው ካልሆነ እኔም ‹ሻል›ን «የማስረከብ ግዴታ አለበት» ብዬ እተረጉማለሁ። «አለበት»ን ለ‹ሹድ› ግን አልሰጥም።