ባዶውን የሚዞር ፔዳል፦ በብርድ ጠዋት የኋላ ሞዞ ለምን አይይዝም?

ጥያቄው የመጣው ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። አንባቢያችን እንዲህ ይላሉ፦ «ዕድሜዬ 63 ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከአምስት ጓደኞቼ ጋር በቼሪ ክሪክ በኩል እንነዳለን፤ ቀኑ ካማረ ጎልደን ድረስ ሄደን ሉክአውት ማውንቴንን እንወጣለን። በረዶው ሲያልፍ በእኩዮቼ ምድብ ልወዳደር ስላሰብኩ የብርዱን ወራት ማቋረጥ አልፈልግም። ከኅዳር ወዲህ ግን ጠዋት ሲበርድ፣ ከትራፊክ መብራት ስነሳ ወይም ቁልቁለት ጨርሼ ልረግጥ ስል ፔዳሉ ባዶውን ይዞራል፤ ከዚያ ቀጭ ብሎ ይይዛል። ካቴና አስቀየርኩ፣ የኋላ ማርሾቹን ካሴት አስቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ቤት ውስጥ መለማመጃው ላይ ስሰቅለው ደግሞ እንከን አይወጣለትም። በጥቅምት ሰርቪስ ካስደረግኩት በኋላ መርገጥ ሳቆም ጭጭጭጭ የሚለው ድምፁ እንኳ ጠፍቶልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ በደስታ የጠቀሷት ያቺ ጸጥታ ናት ነገሩን የነገረችኝ። ካቴናውም ካሴቱም ያለ ጥፋታቸው ነው የተቀየሩት። በጥቅምት ሰርቪስ ያደረገልዎ ሰው የኋላውን ሞዞ፣ ማለትም የጎማውን እምብርት፣ ከፍቶ፣ ለኩሽኔታ የሚሆነውን ወፍራም ግሪስ ውስጡ ባሉት መያዣ ጥፍሮችም ላይ ጠቅጥቆበታል። ብስክሌትዎን ሳላየው ነው የምናገረው፤ ነገር ግን ብርድ፣ ከእረፍት በኋላ ባዶ መዞርና የጠፋ ድምፅ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ሌላ ነገር ሆኖ አላጋጠመኝም።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ። ሞዞው ተከፍቶ እስኪጸዳ ድረስ ከኮርቻ ተነስተው አይርገጡ። ዳገትም ቢሆን፣ ጓደኞችዎ ጥለውዎት ቢሄዱም፣ ተቀምጠው ይርገጡ።

ካቴና መዝለልና ይኼኛው በቀላሉ ይለያያሉ። ያረጀ ካቴና የሚዘለው ሲከብደው ነው፤ ዳገት ላይ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወይም በሁለት ማርሽ ላይ ብቻ። ብርድና ሙቀት አይመርጥም። የእርስዎ ግን በየትኛውም ማርሽ ነው፣ በብርድ ብቻ ነው፣ ሁልጊዜም መርገጥ አቁመው እንደገና ሲጀምሩ ነው። ቤት ውስጥ ደህና የሚሆነው ሳሎኑ ስለሚሞቅ ነው። ካቴናና ካሴት የቀየሩልዎም ብስክሌቱን በሚሞቅ ክፍል ሰቅለው፣ ፔዳሉን በእጃቸው አዙረው «ደህና ነው» ብለው መልሰውልዎታል። ትኩሳቱ ያለፈለትን ሰው መርምሮ ጤነኛ ነህ እንደማለት ነው። ቢያንስ «መቼ መቼ ነው የሚያደርገው?» ብሎ መጠየቅ ምን ያስከፍላል? ከማሽኑ በፊት ነጂው ይጠየቃል።

አንድ ምልክት ደግሞ እርስዎ ያልጻፉት፣ ግን ሊኖር የሚችል አለ። በብርድ መርገጥ ሲያቆሙ ካቴናው ከላይ በኩል ረግቦ ይንጠለጠላል? ከሆነ ጥርጣሬዬ የበለጠ ይጠነክራል። ወፍራሙ ግሪስ ካሴቱን ይዞ ወደፊት እየጎተተው ነው ማለት ነው።

አሁን ስለ ጥፍሮቹ ላውራ። ይኼን ክፍል ስለምወደው ትንሽ ይታገሱኝ። ካሴቱ የተሰካው ፍሪሃብ በሚባል በርሜል ላይ ነው። በርሜሉና ሞዞው አንድ ወጥ ቢሆኑ ኖሮ ጎማው በዞረ ቁጥር ፔዳሉም እግርዎን ይዞ ይዞር ነበር። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ጥፍሮች ተቀመጡ፤ ብዙውን ጊዜ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ አራት ወይም ስድስት። እያንዳንዷ የትንሽ ጣት ጥፍር ብታክል ነው። ከሥሯ ቀጭን ሞላ አለ፣ ወደ ውጭ ይገፋታል። ዙሪያዋን ደግሞ እንደ መጋዝ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ጥርስ ያለው ቀለበት ከብቧታል። ሲረግጡ ጥፍሯ ጥርሱን ነክሳ ጎማውን ትነዳለች። መርገጥ ሲያቆሙ ጥርሱ በጀርባዋ ላይ እየተንሸራተተ ያስተኛታል፣ ሞላው ያነሳታል፣ ቀጣዩ ጥርስ ያስተኛታል፣ ሞላው ያነሳታል። ጭጭጭጭ የሚለው ይኼ ነው። ያ ድምፅ ጥፍሮቹ በሥራ ላይ መሆናቸውን የሚነግርዎ ነው፤ በደንብ የተሠራ ሞዞ ለስለስ ያለ ድምፅ ሊኖረው ይችላል፣ ድሮ ሲጮህ የነበረ ሞዞ በአንድ ሰርቪስ ድምፁ ድራሹ ሲጠፋ ግን አልወድም።

ከሉክአውት ማውንቴን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ ጎማዎ በሰከንድ ስምንት ጊዜ ያህል ይዞራል። ቀለበቱ 36 ጥርስ ያለው ከሆነ እያንዳንዷ ጥፍር በሰከንድ ከ280 ጊዜ በላይ ተኝታ ትነሳለች። ይኼን ሁሉ የምትሠራው በዚያች ቀጭን ሞላ ጉልበት ነው። ሞላዋ ደካማ የሆነችው በስስት አይደለም። ብትጠነክር ጥፍርና ጥርስ ቶሎ ይበላላሉ፣ መርገጥ ባቆሙ ቁጥርም ብስክሌቱ ይያዛል። እንግዲህ ያቺን ጥፍር በቆርቆሮ በሚሸጠው ቁጥር 2 የመኪና ግሪስ ውስጥ ይቅበሯት። ክፍሉ ሲሞቅ ግሪሱ ይለሰልሳል፣ ጥፍሯም ትነሳለች። ጠዋት 20 ፋራናይት ሲሆን፣ በሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች 7 ግድም ማለት ነው፣ ያው ግሪስ ከፍሪጅ እንደወጣ ቅቤ ይሆናል። ጥርሱ ያስተኛታል፤ ሞላዋ ከግሪሱ ጎትታ ልታነሳት ትሞክራለች፣ አቅም ያጥራታል፣ ጥፍሯ ተኝታ ትቀራለች።

ሳያቋርጡ ሲረግጡ ምንም የማይሰማዎ ለዚህ ነው። ጥፍሯ አንዴ ከነከሰች የእግርዎ ግፊት ራሱ ይዟታል። ችግሩ የሚጀምረው መርገጥ ባቆሙባት ቅጽበት ነው። ከቤት ሞቆ የወጣ ብስክሌት የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ደህና ሄዶ፣ ሞዞው በርዶ ሲያበቃ የሚከዳውም ለዚህ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ፈጽሞ አለመያዙ አይደለም። ከሦስቱ ጥፍሮች አንዷ ብቻ፣ እሷም በጫፏ ስትይዝ ነው። እግርዎ የያዘ ይመስለዋል፣ ሙሉ ክብደትዎን ይጥሉበታል፣ ያኔ ጫፏ ተሸርፎ ያመልጣል።

ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ፎኒክስ ብስክሌት እየፈታሁ ነው። ያስተማረኝ ሰው «ግሪስ አትሰስት» ይለኝ ነበር፤ ለአቧራውና ለዝናቡ፣ ለዚያ አገር ብርድም ምክሩ ትክክል ነበር። ዴንቨር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት የአንድ የ58 ዓመት ሰው ሞዞ በዚያው ልማዴ ሞላሁት። በጥር አንድ ጠዋት ከመብራት ሲነሳ ቆሞ ረገጠ፤ ፔዳሉ ባዶውን ወረደ፣ ደረቱ መሪው ላይ አረፈ፣ ከዚያ በትከሻው አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ከትከሻው እስከ አንገቱ ሥር ያለችው አጥንት ተሰበረች። ብስክሌቱን መልሰው ሲያመጡልኝ ከፈትኩት፤ የራሴ ግሪስ እንደ ሰም ደርቆ ጥፍሮቹን አስተኝቷቸዋል። ከዚያን ቀን ወዲህ የማንንም ሞዞ ውጭ ሳላሳድር አልመልስም። ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ወድቆ ይነሳል፤ በእኛ ዕድሜ ግን አጥንት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ እስኪጠገን ተነስተው አይርገጡ።

ጥርጣሬዬን ራስዎ ያረጋግጡ። የኋላውን ጎማ አውልቀው ማታ በረንዳ ላይ ያሳድሩት። ጠዋት ሳያስገቡት፣ እዚያው ጓንት አድርገው፣ ጎማውን በአንድ እጅ ይያዙና ካሴቱን ወደኋላ አሥር ጊዜ ያህል አዙረው ድንገት ወደፊት ይግፉት። ባዶውን ከተንሸራተተ ወይም ዘግይቶ ከያዘ፣ የፀጉር ማድረቂያ ሞዞው ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይያዙበትና ይድገሙት። ሲሞቅ ከዳነ ጉዳዩ አለቀ። የፈላ ውሃ ግን እንዳያፈሱበት፤ ውሃው ውስጥ ገብቶ በነጋታው በረዶ ይሆንና ሁለተኛ ችግር ይጨምርልዎታል።

ጥገናው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢፈጅ ነው። ካሴቱን ያውልቁ። ቀጥሎ የሞዞዎ ዓይነት ይወስናል። በብዙዎቹ ላይ የፔርኖው፣ የመሃል ዘንጉ፣ ጫፍ ክዳን በእጅ ይሳባል፣ ወይም በሁለት ብሩጎላ ግራና ቀኝ ተይዞ ይፈታል፤ ከዚያ ፍሪሃቡ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሲስቡት በነጭ ጨርቅ ላይ፣ በትሪ ውስጥ ይሁን፣ ቀስ ብለውም ያሽከርክሩት። እነዚያ ሞላዎች ተስፈንጥረው ምንጣፍ ውስጥ ከገቡ አይገኙም። ጥፍሮቹን ከመንቀልዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፣ የትኛዋ ጥፍር በየት በኩል እንደምትዞር ይታይ። ጥፍርና ሞላውን፣ ቀለበቱንም፣ በአልኮል ወይም በነጭ ጋዝ (በኬሮሲን) በብሩሽ ጥርግ አድርገው ያጽዱ። ቤንዚን በጋራዥ ውስጥ፣ በተለይ ማሞቂያ በሚነድበት፣ አይንኩ። የኩሽኔታዎቹን ክዳን አልኮል እንዳይገባበት ይጠንቀቁ፤ እነሱ ወፍራሙን ግሪስ ይፈልጉታል፣ ከእነሱ ላይ አይጠረግ።

ሲያጸዱ የግሪሱን ቀለም ይዩልኝ። እንደ ወተት የነጣ ወይም ቡናማ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል። እዚህ ኮሎራዶ መንገድ ላይ የሚረጩት ማግኒዥየም ክሎራይድ እርጥበት ስለሚስብ ቶሎ አይደርቅም፤ በሞዞው የላስቲክ ማሸጊያ ከንፈር በኩል ሾልኮ ብረቱን ይበላል። እንዲህ ከሆነ ማሸጊያውም ይቀየር።

ከዚያ የጥፍሮቹን ጫፍ በጥፍርዎ ይዳስሱ። ስለት ያለው ጠርዝ ሊሰማዎት ይገባል። ክብ ከሆነ ወይም ከተሸረፈ ጥፍሮቹን፣ ካልተገኙ ፍሪሃቡን ሙሉውን ይቀይሩ። የዛገ ወይም የተጣመመ ሞላ ደግሞ በፒንሳ አይቃናም፤ ይቀየራል። እኔ በፒንሳ የተቃና፣ አልፎ ተርፎም ከሽቦ ተቆርጦ የተሠራ ሞላ ከሰው ሞዞ ውስጥ አውጥቻለሁ። ይኼ ጥገና አይባልም፤ ሰው ጉልበቱን ሁሉ የሚጥልበት ነገር ነው።

ሲገጥሙ በእያንዳንዷ ጥፍር ላይ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት፣ ወይም ለፍሪሃብ ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ ግሪስ ያድርጉ፤ ቁጥሩ 0 ወይም 00 ይሁን። በቀጭኑ ይቀቡት፣ ከሥሩ ብረቱ መታየት አለበት። ከበዛ ይጥረጉት። ከጥፍር ይልቅ ፊት ለፊት የሚገጥሙ ሁለት ጥርሳም ቀለበቶች ያሉት ሞዞ ከሆነ የፋብሪካውን የራሱን ግሪስ ብቻ ይጠቀሙ፣ በጣም ጥቂት። ካሴቱን ቆልፎ የሚይዘውን ቀለበት በ40 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ሞዞዎ ሺማኖ የሠራው ከሆነ ብዙ ጊዜ መንገዱ ሌላ ነው። ፍሪሃቡ በእጅ አይሳብም፤ ፔርኖው ከወጣ በኋላ ከውስጥ ባለው ባዶ ብሎን ነው የተያዘው፣ በብዙዎቹ ላይ 10 ሚሊሜትር ብሩጎላ ይፈታዋል። በርሜሉ ራሱ እንዲፈታ ተብሎ አልተሠራም። አውልቀው በነጭ ጋዝ ውስጥ እየዘፈዘፉ ያሽከርክሩት፣ ንጹሕ እስኪወጣ ይለዋውጡ፣ ሙሉ ሌሊት ያንጠፍጥፉት፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት በጀርባው በኩል እያሽከረከሩ ያጠጡት። በቆርቆሮ የሚረጨውን ዝገት መፍቻ ነፍቶ መተው ግን ለአንድ ቅዳሜ ይሠራል፣ ቀጥሎ የኩሽኔታውን ግሪስ አጥቦ ይሄዳል።

ርካሽ ሙሉ ጎማ በኢንተርኔት ገዝቶ መገላገል ያሰቡ እንደሆነ ይተዉት። የብዙዎቹ ፍሪሃብ ለስላሳ አሉሚኒየም ስለሆነ ካሴቱ እየነከሰ ይቆርጠዋል፤ ሞላቸው ደግሞ አንድ የብርድ ወራት አይሻገርም፣ መለዋወጫ ብለው ሲፈልጉም ሻጩ ጠፍቷል። ለብርድ ወራት ትንሽ የሚከብድ ብረት ፍሪሃብ ያለው ሞዞ ይሻላል። ያስወጡትን አሮጌ ካሴት ደግሞ ካልጣሉት ይመልሱት፤ ለልምምድ ይሆናል።

ከገጠሙት በኋላ ጎማውን አንድ ሌሊት ውጭ አሳድረው የበረንዳውን ፈተና ይድገሙት። ካለፈ፣ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ ተቀምጠው ይንዱ፤ መርገጥ ያቁሙ፣ እስከ አሥር ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው ይርገጡ። ይኼን ሃያ ጊዜ። አንድ ጊዜ እንኳ ከከዳ ይመለሱና ይክፈቱት። ሃያውም ከያዘ ብቻ ከኮርቻዎ ይነሱ፣ ያንንም መጀመሪያ ዳገት ላይ በዝግታ እንጂ ከመብራት ሲነሱ አይሁን። ከእያንዳንዱ የጨው መንገድ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በስፖንጅ ይጠቡት፤ የመኪና ማጠቢያው ኃይለኛ ውሃ ሞዞው ላይ አይነጣጠር።

ጥፍሮቹ ላይ ሽራፊ ካዩ ፎቶውንና ሞዞው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይላኩልኝ፣ የትኛው መለዋወጫ እንደሚገጥም እነግርዎታለሁ።