የሚያጉረመርም እንጂ የማይነሳ የልብስ ማድረቂያ

ጥያቄ፦ የእንግዳ ማረፊያችን ልብስ ማድረቂያ ሞተር 220 ቮልት፣ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ስናበራው ያጉረመርማል፤ ሳይዞር ግሎ ይጠፋል። ከበሮውን በእጅ ስንገፋው ግን ይነሳል። ካፓሲተሩ (ኃይል እየያዘ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ዕቃ) በቅርቡ ተቀይሮ ነበር፤ ሳምንት ሠርቶ ተቃጠለ።

መልስ፦ ተገፍቶ የሚነሳ ሞተር ዋናው የሽቦ ጥቅሉ ደህና ነው፤ ጥቅሉ ይቀየር የሚልዎትን አይስሙ። የበሩንም ማብሪያ ይተዉት፤ ኃይል ባይደርሰው ኖሮ አያጉረመርምም ነበር። እኔ የምጠረጥረው በሞተሩ ጀርባ ያለውን የማስነሻ ማብሪያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ ፌዝ ዋናው ጥቅል የሚፈጥረው መግነጢስ አይዞርም፤ በ50 ኸርዝ መስመር በሰከንድ 100 ጊዜ ዋልታውን እየገለበጠ ባለበት ይንቀጠቀጣል። መሐል ያለው ተሽከርካሪ ብረት ለየትኛው ወገን እንደሚታዘዝ አያውቅም። ወደ ቀኝ ቢገፉት ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ቢገፉት ወደ ግራ ይሄዳል። ያንን የመጀመሪያ ግፊት መስጠት የማስነሻ ጥቅሉ ሥራ ነው። ካፓሲተሩ የዚህን ጥቅል ከረንት ከዋናው ያስቀድመዋል፤ በዚያች የጊዜ ልዩነት መግነጢሱ መዞር ይጀምራል። ሞተሩ የሙሉ ፍጥነቱን ሦስት አራተኛ ገደማ ሲደርስ በዘንጉ ላይ ያሉት ክብደቶች ወደ ውጭ ተስበው በማስነሻ ማብሪያው በኩል የማስነሻ ጥቅሉን መስመር ያቋርጡታል። የልብስ ብናኝ ክብደቶቹን ከያዛቸው ወይም የማብሪያው መገናኛ ነጥቦች ከተጣበቁ ግን መስመሩ አይቋረጥም፤ ለጥቂት ሰከንድ የተሠራው ካፓሲተር ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል። የጠገነልዎ ሰው ሟቹን ቀበረ፣ ገዳዩን እዚያው ተወው።

ብሬከሩን ያጥፉ፣ ሶኬቱን ይንቀሉ። ካፓሲተር ከተነቀለ በኋላም ኃይል ይዞ ይቆያል፤ ባለ ክር የ220 ቮልት አምፖል በሁለት ሽቦ ጫፎቹ ላይ አገናኝተው ያፍሱት፣ ከዚያ በቴስተር ያረጋግጡ። በካቻቪቴ ማገናኘት የሰነፍ ሥራ ነው። ቺንጋውን አውልቀው ዘንጉን ያዙሩ፤ ከከበደ ጥፋቱ የኩሽኔታ ነው። ካልከበደ የኋላ ክዳኑን ይክፈቱ፣ ብናኙን ያጽዱ፣ ነጥቦቹን ይዩ። የተበሉ ከሆነ ማብሪያውን ይቀይሩ። ሞተሩ ቆሞ ሳለ ነጥቦቹ መገናኘት አለባቸው። የማስነሻ ጥቅሉን በቴስተር ይለኩ፤ መስመሩ ተቋርጦ ካገኙት ያኔ ሞተር ለሚጠቀልል ባለሙያ ይስጡት።

ካፓሲተሩ በሞተሩ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ) ይሁን፤ ቮልቱም አይነስ። «ተቀራራቢ ነው» ብሎ የሚሸጥልዎትን ይለፉት። ገበያውን የሞላው ርካሹ ዕቃ ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ አይገናኝም።

እስኪጠገን ድረስ ከበሮውን መግፋት ያቁሙ፤ በድንገት ሲነሳ እጅ ይነጥቃል።

ገጥመው ካስነሱት በኋላ ያጥፉት። ሊቆም ሲል «ቀጭ» ካለ ማብሪያው ወደ ቦታው ተመልሷል። ካላለ ዳግመኛ ይክፈቱት፤ በቅድሚያ ግን ካፓሲተሩን ያፍሱ።